ለሳኙ ሊቨን እና ያገለገሉት ፔዳሎች

ሊቨን ቫን ሁለ ለሳኝ ነው። በስኸልደ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ባሉት መንደሮች እሱ ያልለሰነውን ሳሎን ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ሥራ ላይ ረዳት አይወድም። ብቻውን ያቦካል፣ ብቻውን ያፏጫል፣ ብቻውን ይጨርሳል። እሁድ ሲሆን ግን ብቻ የሚባል ነገር አያውቅም። እሁድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው ካፌ በር ላይ ከዳቦ ጋጋሪው ከፍራንኪና ከብስክሌት ክለቡ ጓደኞቹ ጋር ተሰብስቦ፣ ተሰዳድቦ፣ ብስክሌቱ ላይ ካልወጣ ያን ሳምንት ከዕድሜው አይቆጥረውም።

ክለቡ ሁለት ቡድን አለው። አንደኛው ይበራል። ሁለተኛው አርፍዶ ይነሳል፣ እያወራ ይሄዳል፣ መሀል መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ፓንኬክ ይበላል። ለዚህ ነው አንደኞቹ «ፓንኬኮቹ» የሚሏቸው። ፓንኬክ መሆን ወንጀል አይደለም፤ ጡረታ የወጣው መምህር፣ ጉልበቱን ያስቀየረው ሥጋ ሻጭ፣ የካፌው ባለቤት ራሱ እዚያ ነው። ችግሩ አንዴ ወደዚያ የወረደ ሰው ተመልሶ ሲወጣ አለመታየቱ ነው። ደግሞ ማንም ውረድ አይልህም። አንድ እሁድ ራስህ አርፍደህ ትመጣለህ፣ አለቀ። ሊቨን ያቺን እሁድ አጥብቆ ይፈራት ነበር።

ምክንያት አለው። ከሁለት ክረምት በፊት የሰው ቤት ኮርኒስ ሲለስን ደረቱን ጨምድዶ ያዘውና ከነባልዲው ወደቀ። ጌንት ከተማ ሆስፒታል ወስደው የተደፈነውን የልቡን የደም ሥር ከፈቱለት። ሐኪሙ ብስክሌቱን አልከለከለውም፤ አቅምህን እወቅ ብቻ አለው። ሚስቱ ሬጂን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዘፈን ነው ያላት፤ ከፓንኬኮቹ ጋር ሂድ። እሱም አንድ መልስ ነው ያለው፤ ከአንደኞቹ መቼ ቀርቼ አየሽኝ?

እውነቱን ነው፣ ቀርቶ አያውቅም። ከሆስፒታል በወጣ በጥቂት ወራት ብስክሌቱ ላይ ወጣና ከቡድኑ እኩል ሄዶ እኩል ተመለሰ። ካፌ ውስጥ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሊቨንም ልቡ ሞላ። ያም ሆኖ ሬጂን ዝም አላለችም፤ ዝም የሚያሰኛት ማስረጃ ደግሞ አንድ ብቻ መሰለው።

እግርህ ስንት ጉልበት እንደሚያወጣ የሚለካ ፔዳል አለ። ትረግጠዋለህ፣ መሪው ላይ ካለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ቁጥሩ ይወጣል። ፍጥነት ያታልላል፤ ቁልቁለትም ያፈጥናል፣ ነፋስም ይገፋል። በዚህ አገር ሰው ቄሱን ይጠራጠር ይሆናል እንጂ ይህን ቁጥር አይጠራጠርም። የአዲሱ ዋጋ ግን አይቀመስም። ስለዚህ ሊቨን ያገለገለ ፍለጋ ማታ ማታ ስልኩ ላይ ተጥዶ ከረመና ጎረቤት መንደር ዮሊን የምትባል ነርስ አገኘ። ልጅ እስክትወልድ ድረስ ውድድር ትወዳደር ነበር፤ አሁን ጊዜውም እንቅልፉም የላትም።

ሄደ። ተከራከረ፣ ትንሽ ቀነሰችለት። ፔዳሎቹ ጠርዛቸው ላይ ተጭረዋል፣ ሌላ እንከን የለባቸውም። እንዴት እንደሚገጠሙ፣ ከመነሳቱ በፊት እንዴት ዜሮ ላይ እንደሚመለሱ ልጇን በአንድ ክንዷ ይዛ አሳየችው።

«ብቻ ልንገርዎት» አለችው ስትሸኘው፣ «ፔዳሎቹ ሰው አያቆላምጡም።»

ሊቨን እየሳቀ ወጣ።

በመጀመሪያዋ እሁድ ቡድኑ በረረ። ሊቨን መሀል ላይ ሆኖ ስክሪኗን አየ፤ ቁጥሩ ቅርጫት ይዛ ገበያ የምትሄድ አሮጊት የምታወጣው ዓይነት ነው። ተሳስቷል ብሎ ቆም ሲሉ ዜሮ ላይ መለሰው። ያው። በሁለተኛዋም እሁድ ያው። ቡድኑ በዚያ ፍጥነት እየሄደ፣ እሱም እኩል እየሄደ፣ እንዴት ነው ቁጥሩ እንዲህ የሚሆነው?  የልጅ እናት ናት ብሎ ቢያምናት የተበላሸ ዕቃ አሸክማ ሰደደችው። ሬጂን ስትሰማ ሳቀች፤ ያ ደግሞ ባሰበት።

ሰኞ ከሥራ ሲወጣ፣ ልስኑ ጫማው ላይ እንደደረቀ፣ ብስክሌቱን መኪናው ላይ ጭኖ ዮሊን በር ላይ ቆመ። መንገድ ላይ ሲያጠና የመጣውን ንግግር ሁሉ አወረደው። ታማኝነት፣ ጉርብትና፣ ምኑ ቅጡ። እሷ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ ልጁን ለእናቷ ሰጥታ የራሷን ብስክሌት ከጋራዥ አወጣች።

«ይምጡ፣ ግድቡ ላይ እንሂድ» አለችው።

የወንዙ ግድብ ላይ የሚሄደው መንገድ ቀጥ ያለ ነው፤ የምዕራቡ ነፋስ ፊት ለፊት ይመጣል። በእኛ አገር ዳገቱ ጥቂት ነው፤ እግር የሚሰብረው ነፋሱ ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይጋፈጣል፣ ከኋላ ያለው ይጠለላል፤ ስለዚህ ተራ በተራ ነው። ተራውን የሚሸሽ ሰው «መዥገር» ይባላል። ሊቨን በዕድሜው ብዙ ሰው መዥገር ብሎ ሰድቧል፣ እንደ እሱ አፉ የሚፈጥን አልነበረም።

ዮሊን ከፊት ይሁኑ አለችውና ከኋላው ገባች። ሊቨን ረገጠ። ቁጥሩ ወዲያው ተተኮሰ። በሁለቱ እሁዶች አንድም ጊዜ ያላየው ቁጥር ነው። ደስ ብሎት ሊጮህ ሲል ፍጥነቱን አየ፤ የፓንኬኮቹ ፍጥነት ነው። ትንሽ ሊጨምር ሞከረ፣ ደረቱ ያፏጭ ጀመር። በዚህ መሀል ዮሊን አልፋው ከፊት ሆነች። እሱ ከጀርባዋ ተጠለለ። ፍጥነቱ እንኳን ሊቀንስ ጨመረ፣ ቁጥሩ ግን እንደ ተቆረጠ ገመድ ወረደ።

ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ፔዳሉ ደህና ነው» አለችው ቀስ ብላ። «እሁድ ከፊት የሚሆኑት መቼ ነው?»

«ተራዬ ሲደርስ ነዋ።»

«የት የት ላይ?»

ሊቨን በጣቱ ይቆጥር ጀመር። የት የት ላይ? ከወንዙ ሲመለሱ፣ ነፋሱ ከኋላ ሲገፋ። ከአሮጌው ወፍጮ ቁልቁል ሲወርዱ። ሌላ? ሌላ የለም። ነፋሱ ከፊት ሲሆን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይፈጠራል። ፍራንኪ «ዛሬ እግሬ ጥሩ ነው፣ አንዴ ልድገም» ይላል። ወይ አንዱ ከጎኑ ይመጣና ስለ ኩሽናው ግድግዳ እርጥበት ምክር ይጠይቀዋል፤ አውርተው ሲጨርሱ ተራው አልፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ! ያን ሁሉ የእርጥበት ወሬ ሲያወራ የኖረው ለካ በሰው ጀርባ ላይ ተኝቶ ነው። መዥገሩ እሱ ነበር።

«እንዲህ ዓይነት ጓደኛ ያለው ሰው ጥቂት ነው» አለች ዮሊን።

«ከንፈር ሲመጥጡልኝ ነው የከረሙት» አላት ሊቨን፣ ዓይኑን ውሃው ላይ ተክሎ። «ፊት ለፊቴ ትከሻዬን እየመቱ፣ ከኋላዬ ከንፈራቸውን ሲመጥጡ።»

ዮሊን አልተከራከረችውም። ካሻው ፔዳሎቹን መልሳ እንደምትወስድ፣ ገንዘቡንም እንደምትመልስለት ነገረችው። ሊቨን አሰበበት፣ ሳይዋሽ አሰበበት። ፔዳሎቹን ይመልሳል፣ ስክሪኗን ይነቅላል፣ እሁድ እንደ ድሮው መሀል ገብቶ ይበራል። ማን ያውቅበታል? ከዚያ ራሱን ነቀነቀና የለም፣ ፔዳሎቹ እኔው ጋ ይቆዩ አላት።

ቤት ሲገባ ሬጂን ድንች እየላጠች ነበር። ታውቂ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃት። ምኑን አላለችም። መላጧን ቀጠለች፣ ጆሮዋ ግን ቀላ። ሊቨን ያን ሳምንት ሥራ ላይ አላፏጨም።

እሁድ መጣች። ከካፌው በር ላይ ስድቡም ሳቁም እንደ ወትሮው ነው፤ ሊቨን ብቻ አፉን ዘግቶ ቆሟል። ፍራንኪ ይህን ልብ አለ፤ ሊቨንን ገና ሁለቱም አጭር ሱሪ ለብሰው ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጀምሮ ያውቀዋል። ደህና ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ደህና ነኝ አለ ሊቨን፣ እንዲያ ሲል ግን አላየውም።

ግድቡ ላይ ወጡ። ነፋሱ ፊታቸውን መታቸው። ፍራንኪ እንደ ልማዱ ከፊት ነበር፤ ተራው ሲያልቅም ዛሬ እግሬ ጥሩ ነው ሊል ዘወር ሲል ሊቨን በግራ በኩል ወጥቶ አለፈው።

«ሊቨን፣ ተው፣ እኔ አለሁ» አለ ፍራንኪ።

«እዛው ሁን» አለው ሊቨን።

አጎነበሰና ረገጠ። ከኋላው ወሬ ቆመ፤ የሰንሰለት ድምፅ ብቻ ይሰማል። ስክሪኗን አየ፣ ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ የራሱም ነው። እንዲህ ዓይነት ደስታ ከተሰማው ስንት ጊዜው ነው? ሁለቱ ትላልቅ ዛፎች ጋ እስኪደርስ ደስታው አብሮት ነበር። ከዛፎቹ በኋላ እግሩ ከበደ። ደረቱ ማፏጨት ጀመረ። የሐኪሙን ቃል አስታወሰና በቃ አለ፤ ክርኑን ወደ ጎን ነቅነቅ አደረገ፣ እለፉ ማለቱ ነው። አለፉት። አንድ በአንድ፣ አንዳንዱ መሬት መሬት እያየ። የመጨረሻው ሰው ጀርባ አጠገቡ ሲደርስ ተጠልሎ መያዝ ይችል ነበር። ለቀቀው።

ቡድኑ ራቀ። ነፋሱና እሱ ብቻ ቀሩ። ሊቨን ሊያለቅስ ትንሽ ነበር የቀረው፣ ምን ይደብቁታል። ከዚያ ከቡድኑ አንድ ሰው ሲነጠል አየ። ሰውየው እየዘገመ፣ እየዘገመ መጥቶ አጠገቡ ደረሰ። ፍራንኪ ነው።

«ሂድ» አለው ሊቨን።  «ከእንግዲህ ሞግዚት አልፈልግም። ሂድ አልኩህ።»

ፍራንኪ ሊመልስለት ፈልጎ ትንፋሽ አጣ። መሪው ላይ ድፍት አለና አንድ ጣቱን አነሳ፣ ጠብቀኝ ለማለት። ሊቨን ያኔ ነው ፊቱን በደንብ ያየው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ ሲያየው የኖረው ጀርባውን ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ጉንጩ ገብቷል፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ምራቅ ደርቋል። ይህ ሰው መቼ ነው እንዲህ ያረጀው?

«ሞግዚት?» አለ ፍራንኪ በመጨረሻ። «አንተ ሰውዬ፣ የኔንም ተራ የያዝኩት እኔ፣ ያንተንም ተራ የያዝኩት እኔ። ሰኞ ሰኞ ደረጃ የምወርደው በቂጤ ነው፣ ሚስቴን ጠይቃት። ይሄ ለሳኝ መቼ በቃኝ ይል ይሆን እያልኩ ነው የከረምኩት፣ እኔም ተከትዬህ እንድወጣ።»

«ታዲያ ለምን አልተውከኝም?»

«ብተውህማ ቤትህ ገብተህ ብስክሌቱን ትሰቅላለህ። አላውቅህም?» ፍራንኪ አፍንጫውን በጓንቱ ጠረገ። «እኔስ እሁድ ከማን ጋር ልሂድ?»

 ሳምንቱን ሙሉ ሊቨን ሲያላምጠው የከረመው ንዴት በየት እንደሚወጣ ጠፋው፣ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡበት፣ ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ሁለቱንም ዋጣቸው። ቡድኑ ከሩቁ መታጠፊያ ጋ ደርሶ ጠፋ። ፓንኬኮቹ ገና ካፌው በር ላይ ቆመው ጎማ እየነፉ ነው።

«ና» አለው ሊቨን፣ «ከኋላዬ ግባ።»

«ልብህስ?»

«ቁጥሩን እያየሁ ነው። አንተ ዝም ብለህ ግባ።»

ፍራንኪ ገባ። ሊቨን ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ስክሪኗ ላይ አድርጎ፣ ከሚችለው ሳያልፍ ረገጠ። ጥቂት እንደሄዱ ከኋላው የደከመ ድምፅ መጣ።

«ትንሽ ቀስ በል፣ በናትህ።»

ሊቨን ቀስ አለለት።