ካርዱ ላይ ያልተቆጠረችው

ድንቹን ከነጆንያው ጎትቼ ከቤት ያወጣሁት የስድስት ወር እርጉዝ ሳለሁ ነው። ባለቤቴ ከጎጆ ከተማ፣ ከዘመዶቹ ዘንድ ያመጣው፣ አፈሩ ገና ያልደረቀ ድንች ነበር። የጊንጪ ጎረቤቶቼ ዝናብ እየመታኝ ጆንያ ስጎትት አይተው ሳቁብኝ። «እርጉዝ አይደለች እንዴ፣ ሸቷት ነው» ተባባሉ። እኔም ሳቅሁ። ምን ልበላቸው?

ከሦስት ዓመት በፊት ጎጆ ሳስተምር ምጥ ይዞኝ ሁለት ቀን አለፈ። የተቃውሞው ሰሞን ነበርና አምቡላንስ መምጣት አልቻለም። የተገኘው ድንች የጫነ አይሱዙ ነው። ጆንያዎቹ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈው አስተኙኝና ወደ አምቦ ተነሳን። መንገዱ በየቦታው በድንጋይ ተዘግቷል። አብረውን የተሳፈሩት ወንዶች ወርደው ድንጋዩን ያንከባልላሉ፣ መኪናው ትንሽ ይሄዳል፣ እንደገና ይቆማል። እኔ ፊቴን አፈር አፈር በሚሸት ጆንያ ውስጥ ቀብሬ እጮሃለሁ። አምቦ ስንደርስ ልጄ ሞታ ነበር። እኔንም ደም ሊጨርሰኝ ምንም አልቀረው።

ማንም አላለቀሰላትም። በእኛ ዘንድ ሳትተነፍስ ለተወለደች ልጅ ድንኳን አይተከልም፣ ለቀስተኛ አይመጣም፣ ከልጅ ቁጥርም አትገባም። የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ጸለዩ፣ «እንኳን አንቺ ተረፍሽ፣ ልጅ ይተካል» አሉኝና ምሳ በልተው ሄዱ። የት እንደተቀበረች እንኳ የነገረኝ የለም። ስጠይቅ አማቴ አፌን በመዳፋቸው ከደን አድርገው «ጨልሲ፣ ኢንታላ ኮ። ዝም በይ ልጄ» ይሉኛል። ክፉ ሴት ሆነው አይደለም። ክፉ ነገር ሲነሳ ተመልሶ ይመጣል ብለው ስለሚፈሩ ነው።

ጊንጪ ተዛውሬ ሁለተኛውን ስፀንስ ለክትትል ጤና ጣቢያ የወሰዱኝም እሳቸው ናቸው። አዋላጇ ካርድ ከፍታ «ስንተኛ እርግዝናሽ ነው?» ስትለኝ አፌን ሳልከፍት አማቴ «የመጀመሪያዋ ነው» አሉ። አዋላጇ «1» ብላ ጻፈች። ተማሪ ሲዋሽ ከክፍል የማስወጣ መምህርት፣ ቁጥሩን እያየሁ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተነሳሁ።

ሆድ ግን አልፈጀውም። ክፍል ውስጥ ዴስክ ሲጎተት ድንጋይ የሚንከባለል ይመስለኝና ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። ለልጁ አንዲት ካልሲ እንኳ አልገዛሁም። ባለቤቴ ሆዴን ሊነካ ሲል እጁን እገፋለሁ። ልጁን ፈራሁት። አንዳንዴ፣ ምጡ ሳይደርስ በሞትኩ ብዬ እመኝ ነበር። ይህን ለቤተ ክርስቲያን እህቶች ግማሹን ብነግራቸው እምነት አንሶሽ ነው አሉኝ፤ ከዚያ ወዲያ ለማን እናገራለሁ?

በስምንተኛው ወር አዋላጇ ሆዴን ለክታ ካርዱን አየችና «የመጀመሪያ ምጥ ይቆያል፣ አትደንግጪ። እዚሁ ትወልጃለሽ፤ ካስቸገረ በመኪና ወደ አምቦ እንልክሻለን» አለችኝ።

መኪና ስትል ላብ አጠመቀኝ።

«ሲስተር፣ ሁለተኛዬ ነው» አልኩ።

አጠገቤ የተቀመጡት አማቴ ነጠላዬን ሳብ አደረጉ። «ጨልሲ» አሉ በሹክሹክታ። ዝም አላልኩም። ሁለቱን ቀን፣ ድንጋዩን፣ ድንቹን፣ ደሙን፣ መሞት መመኘቴን ሳይቀር ዘረገፍኩት። ስጨርስ ቁጣ ጠበቅሁ። ብትቆጣ እውነቷን ነው፤ ልጄንም ራሴንም በውሸት ካርድ ልገድል ነበር።

«ሴት ነበረች ወንድ?» አለችኝ።

በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «ሴት» ብዬ እንባዬ መጣ። አዋላጇ አንዱን ሰርዛ ሁለት ጻፈች። ምጥ ሳይጀምረኝ አምቦ ሆስፒታል መግባት እንዳለብኝ፣ እዚያም የአእምሮ ሐኪም እንዲያየኝ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ።

ልጄ ከወር በኋላ በኦፕራሲዮን ተወለደ፤ አለ፣ ይሮጣል። በዚያች ቁጥር ዳንኩ ብዬ ግን አልዋሽም። ብዙ ወር ደስታ የሚባል አልመጣልኝም፤ እስትንፋሱ መኖሩን ለማየት ጣቴን አፍንጫው ስር ሳደርግ ነው የከረምኩት። ሐኪሙ ዘንድ አሁንም እመላለሳለሁ።

ካርዱ የታረመ ቀን ከጤና ጣቢያው ስንወጣ አማቴ ከፊት ከፊቴ ሄዱ። አስቀየምኳቸው ብዬ ተጨንቄያለሁ። አገር የሚያውቃቸው የአምስት ልጆች እናት ተብለው ነው፤ ባለቤቴ የበኩር ልጃቸው ነው። አስፋልቱ ዳር ከባኮ በቆሎ ጭኖ የሚመጣ መኪና እስኪያልፍ ቆምን። አማቴ ማንበብ አይችሉምና በእጄ የያዝኩትን ካርድ በጣታቸው ነኩት።

«ምን ብላ ጻፈች?»

«ሁለት።»

መኪናው አለፈ። አማቴ ግን አልተሻገሩም።

«የእኔ ስምንት ናቸው» አሉ።