«አልችልም» ብዬ የተወዳደርኩበት ምርጫ

የሐኪሞች ማኅበራችንን ሊቀመንበርነት ፈልጌው ነበር። ይህንን በግልጽ ለመጻፍ ዛሬም እጄ ትንሽ ይከብደኛል። ያኔማ፣ በደርግ ዘመን፣ «ሥልጣን እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ወይ ጅል ነው ወይ አደገኛ። ሴት ከሆነች ደግሞ ሁለቱም ናት ይባላል።

ያጓጓኝ ግን ወንበሩ አልነበረም። በወጣትነቴ የአንድ ሩቅ አውራጃ ብቸኛ ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ምጥ የጠናባት ሴት አልጋው ላይ ተኝታ፣ እኔ ጥግ ላይ ቆሜ የተማሪነት መጽሐፌን በፍርሃት የገለጥኩበት ጊዜ ብዙ ነው። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም። ማኅበራችን ግን በየዓመቱ አዲስ አበባ ይሰበሰባል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይበተናል። አንጋፋ ሐኪሞች በየተራ ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ እዚያ ያሉትን ወጣቶች እንዲያግዙ በየስብሰባው ሐሳብ አቀርብ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ «ጥሩ ነው፣ እናየዋለን» ነው። በመጨረሻ ተናደድኩና የሚያየው ሰው ራሴ ልሁን አልኩ።

ቤታችን ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ ነበር። ስብሰባው የሚካሄደው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ ስለሆነ በእግሬ ልሄድ ተነሣሁ። ቤንዚን በራሽን በሚታደልበት ጊዜ ይህም ዕድል ነው። ባለቤቴ እስከ በር ሸኘኝና «እንግዲህ ጓድ ሊቀመንበር፣ ስትመለሺ ታስታውሺናለሽ?» ብሎ ቀለደ። በዚያ ዘመን ይህ መጠሪያ የአንድ ሰው ብቻ ነበርና ደንግጬ የሰማ ጎረቤት ይኖር እንደሆነ በአጥሩ በኩል አየሁ። «አንተ ሰውዬ ታስገድለናለህ!» አልኩት። መንገዱን ከገርጂ በኩል የመጡ ከብቶች ዘግተውት ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እበሳጭ ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ላሞቹም ሊመርጡኝ የሚሄዱ መሰለኝ። ልቤ እንደዚያ ይዘል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ ስብሰባ የተጠቆመ ሰው ወዲያው እሺ አይልም። ይነሣል፣ ያመሰግናል፣ «ከእኔ የሚሻሉ አሉ፣ እኔ አልችልም» ይላል። ቤቱም «ኧረ ይችላሉ!» ይለዋል። እንደገና እምቢ ይላል፣ እንደገና ይለመናል። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ «እንግዲህ ካላችሁ» ብሎ ይቀመጣል። ቤታችን የመጣ እንግዳም «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚለው «በሞቴ» እስኪባል ድረስ ነው።

የዚያን ዕለት ምርጫውን የሚመራው ግን ብዙ ዓመት በሶሻሊስት አገር ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ ወጣት ሐኪም ነበር። ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ገና ጥቆማ እንደተጀመረ ኮተቤ አካባቢ አብሮኝ የሚሠራ ሐኪም እጁን አወጣና ጠቆመኝ። ተጨበጨበ። ደስታዬን እንደ ምንም ዋጥ አድርጌ ተነሣሁ፣ ለቤቱ እጅ ነሣሁ፣ ቤት ውስጥ በተለማመድኩት ትሕትና «አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ከእኔ የሚሻሉ አንጋፋዎች ስላሉ እኔ አልችልም» አልኩ።

«ጓድ ዶክተር ራሳቸውን አግልለዋል። ሌላ ጥቆማ?» አለ ሰብሳቢው።

ክው አልኩ። በሞቴ የሚለኝ ጠፋና ገበታው ተነሣ! አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። የጠቆመኝ ባልደረባዬ ሊናገር ሲል ሰብሳቢው «ሥርዓት ይከበር» ብሎ አስቀመጠው።

ቀጥሎ የተጠቆሙት የቆዩት ሊቀመንበራችን፣ የእኔም አስተማሪ የነበሩ አንጋፋ ሐኪም ናቸው። በየምርጫው እምቢ እያሉና እየተለመኑ የሚመረጡ ሰው ናቸው። ብድግ አሉ። ሰብሳቢውን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ቁጭ አሉ። ዝም አይነቅዝም።

«ሌላ ጥቆማ ከሌለ እንግዲህ...» አለ ሰብሳቢው።

ጆሮዬ ጋለ። ሌላ ዓመት፣ ሌላ ሻይ፣ ሌላ «እናየዋለን»። ሳላስበው ተነሣሁ።

«አልጨረስኩም!» ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

«ራስዎን አግልለዋል እኮ፣ ጓድ።»

«አላገለልኩም! እምቢ ያልኩት ለወጉ ነው። እፈልጋለሁ!»

ከፊት የተቀመጠው የፓርቲ ተወካይ ከእንቅልፉ ነቃ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና የጀመርኩትን ቀጠልኩ፦ «ከመረጣችሁኝ እዚህ ያላችሁትን ሁሉ በየተራ ክፍለ ሀገር ነው የምልካችሁ። የማትፈልጉ አትምረጡኝ!» መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ቤቱ በሙሉ። ሰብሳቢውም ግራ ገብቶት ስሜን መልሶ ጻፈው።

ድምፅ የሚሰጠው እጅ በማውጣት ነበር። ተራዬ ሲደርስ መጀመሪያ የተነሡት የኋላው ረድፍ እጆች ናቸው፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ሲንገላቱ የመጡ የክፍለ ሀገር ወጣቶች። ዕጩ ለራሱ እጅ ማውጣቱ ነውር ነው። እኔ ግን አወጣሁ፤ ያውም ከፍ አድርጌ። በጥቂት ድምፅ አሸነፍኩ።

«ሹመት ያዳብር!» የሚለኝ ሰው ሲከበኝ አስተማሪዬ ሰዉን እየገፉ መጡና እጄን ያዙኝ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«እኔ እኮ በየምርጫው አልችልም በምልበት ጊዜ፣ እውነት መስሏቸው ቢተዉኝስ እያልኩ ልቤ ነበር የሚጠፋው» አሉኝ። «አንድ ቀን እንኳ እፈልጋለሁ ብዬ አላውቅም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስቲ ንገሪኝ፣ ሲሉት ደስ ይላል?»

«በጣም ደስ ይላል፣ ዶክተር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን ግን አልለቀቁኝም።