ከቀኝ የተጀመረው ስሌት

ያሰሩን ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ድሮ ሲሚንቶ ይጫንበት የነበረ፣ የጁባ ፀሐይ ላይ እንደ ድስት የተጣደ ብረት። በሩ ሲዘጋብን መጀመሪያ የዛገ ብረት ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ንዴት መጣ።

ጠዋት እኛ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ሃይ ማላካል ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆመን ነበር። የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከካርቱም ለተመለሱት ልጆች የሒሳብ ፈተናው በአረብኛም ይሰጣቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአረብኛ ተምረው፣ እዚህ ሲመጡ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆነባቸው። ይኼ ፖለቲካ ነው ተባለ። የፀጥታ ኃይሎች ፒክአፕ መጣ። ሌሎቹ ሮጡ፤ እኔና ከካርቱም የመጣችው የወንበር ጓደኛዬ ተያዝን።

ከሰዓት በኋላ አንድ መኮንን መጣ። ኡጋንዳ በስደት ያደገ፣ እንግሊዝኛው ጥርት ያለ ሰው ነው።

«አንቺ ሐበሻ፣ እንግሊዝኛ ትችያለሽ። ምን ጥልቅ አደረገሽ? አባትሽ ምግብ ቤቱን ጥሎ በር ላይ ቆሟል። ‹የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት› በይና ሂጂ። እሷ ከትምህርት ቤት ትባረራለች፣ ካላስ፣ አለቀ።»

«ማንም አልቀሰቀሰኝም።»

ሳቀ። «ስለ ቋንቋ የሚጮኸው ሒሳብ ያቃተው ሰነፍ ነው።» ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፤ የልጁ የቤት ሥራ ነው። «እስቲ እሷ ትሥራው! መልሱን ብቻ አይደለም፣ ሂደቱንም። የልጄ መምህር ያለ ሂደት አትቀበልም።»

3x + 7 = 19 ይላል።

ጓደኛዬ ኪሷ ውስጥ የቀረ ጠመኔ አወጣችና በ x ፋንታ የአረብኛ ፊደል አድርጋ ግድግዳው ላይ ከቀኝ ጀመረች፤ በአረብኛ ሒሳብ የሚሠራው እንደዚያ ነው። ከሁለቱም ወገን ሰባት ቀነሰች፤ ሦስት x እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት። ሁለቱንም ለሦስት አካፈለች። አራት።

«የተገለበጠ ነው። ስህተት!»

ጠመኔውን ተቀብዬ አጠገቡ ከግራ ሠራሁት። ሰባት ቀነስኩ፣ ለሦስት አካፈልኩ፣ አራት። አራትን በ x ቦታ አስገብቼ አረጋገጥኩ፦ ሦስት ጊዜ አራት አሥራ ሁለት፣ ሰባት ሲደመር አሥራ ዘጠኝ።

«ያንቺ ልክ ነው» አለኝ። «የሷ ስህተት።»

አራትና አራት፣ ጎን ለጎን! ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ።

ጓደኛዬ ቀስ ብላ፣ «እህቴ፣ ሂጂ በቃ» አለችኝ። «አባትሽ ፀሐይ ላይ ነው።»

የዩኒፎርም ጉርዴን ጫፍ ይዤ የራሴን ሥራ ከላይ እስከ ታች ጠረግኩት።

«አሁን ያለው የሷ ብቻ ነው፣ ጌታዬ። ያርሙት።»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ወረቀቱን አየ፣ ግድግዳውን አየ። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣና ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሷን ሥራ ይገለብጥ ጀመር፣ ከቀኝ ወደ ግራ እየተከተለ።

«ይቺ ፊደል ምንድን ናት?»

«የእርስዎ x ናት» አለችው፣ ልክ እንደ መምህር።

ሲመሽ ሁለታችንንም ለቀቁን። ከትምህርት ቤትም አላባረሯትም። ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ መጣ።

አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ። እንዲህ መጻፍ እንደምችል ያወቅኩት በቅርቡ ነው፤ ደስ ይለኛል፣ ንዴቴ ግን አልበረደም። ሒሳብ ሠርቼ ስጨርስ፣ ጓደኛዬ እንዳሳየችኝ፣ ዳር ላይ ከቀኝ ጀምሬ ደግሜ እሠራዋለሁ። እስካሁን መልሱ ተለውጦ አያውቅም።