የእትዬ ደመና ስንዝር

መጀመሪያ ያየሁት አውራ ጣታቸውን ነው። ክንዳቸውን ዘርግተው ፀሐይን በአውራ ጣታቸው ጋርደዋል፤ ትንሿ ጣታቸው ወደ ሌላው የሰማይ ጥግ ተወጥራለች። ሰማይን የሚሰነዝር፣ በስንዝር የሚለካ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

«ፀሐይን የሚከባት ቀለበት ከእሷ ልክ አንድ ስንዝር ይርቃል» አሉኝ ዞር ሳይሉ። «ካነሰ ሌላ ነገር ነው።»

የተራራው የአየር ሁኔታ ጣቢያ አንድ ክፍልና ሁለት ጠረጴዛ ነው። ጣሪያው ስለሚያፈስ ዝናቡን ውስጥም ውጭም መለካት ይቻላል። እሳቸው እዚያ ሠላሳ አንድ ዓመት ደመና መዝግበዋል፤ ሁሉም «እትዬ ደመና» ይላቸዋል። እኔ የድሮ መዝገቦቻቸውን ወደ ኮምፒዩተር ልገለብጥ ነበር የሄድኩት። «የተራራው ጫፍ ላይ እንደ ሳህን የተደራረበ ደመና፣ ሳይነቃነቅ አራት ሰዓት ቆየ» የሚል መስመር ሲያጋጥመኝ ግን ሥራዬን ትቼ መስኮቱ ላይ እቆማለሁ።

በመጣሁ በሁለተኛው ወር በየዕለቱ መዝገባቸው ላይ የፀሐይ ቀለበት በዛ። አንድ ጠዋት፣ ዘገባውን ወደ ከተማ የሚያስተላልፈው የሬዲዮ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

«እትዬ ደመና፣ ሰማዩ እኮ እንደታጠበ ብርጭቆ ነው! ይሄን ቀለበት ከየት አመጡት? ሊዳሩ ነው እንዴ?»

«ካንተ ጋር ከሆነ ይቅርብኝ።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ከሰመ። ክንዳቸውን ዘረጉ። ፀሐይዋን በአውራ ጣታቸው ጋረዱ፣ ገለጡ፣ መልሰው ጋረዱ።

«ፀሐይዋን ስጋርድ ቀለበቱ ይጠፋል» አሉ ቀስ ብለው። «የሰማይ ቢሆን ኖሮ ጣቴ አያጠፋውም ነበር። ይሄ ዓይኔ ውስጥ ነው ያለው። የዓይን ሞራ ይሆናል፤ እናቴንም ይዟት ነበር። እኔ ደግሞ ልምዴን አምኜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳልሰነዝር ጻፍኩ።»

የሬዲዮ ሠራተኛው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይተዉት፣ እትዬ። ማን ያውቃል? ከሰሙ ሠላሳ አንዱንም ዓመት ይጠራጠሩታል። እርስዎንም ወደ ቤት ይሸኙዎታል።»

«የሚጠራጠሩትማ ከደበቅሁ ነው።»

ቀይ እስክሪብቶ አነሡ። አሥራ ሰባቱን ቀለበቶች አንድ በአንድ ሰርዘው ከእያንዳንዱ ጎን «በተመልካቿ ዓይን እንጂ በሰማይ አልነበረም» ብለው ፈረሙ። የሬዲዮ ሠራተኛው ስረዛውን ወደ ከተማ አስተላለፈ። እኔም ያን ገጽ ከነስረዛው ገለበጥኩ።

የከተማው መልስ ከሁለት ቀን በኋላ መጣ፦ «ታክመው ይመለሱ። መዝገቡ ይቀጥል።» የሬዲዮ ሠራተኛው ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበላቸው፤ እሳቸው አራተኛውን ጠየቁ።

በማግስቱ ጠዋት ልሸኛቸው ወጣሁ። ሸለቆው በጉም ሞልቷል፣ ፀሐይ ከኋላችን ናት። ጥላዎቻችን ጉሙ ላይ ረዝመው ወድቀዋል፤ በእኔ ጭንቅላት ጥላ ዙሪያ ብቻ ቀይና ሰማያዊ ክብ ያበራል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ይታይሻል?»

«ይታየኛል!»

«በማን ራስ ዙሪያ?»

አፈርኩ። «በ… በእኔ።»

«እሰይ! እኔም በራሴ ዙሪያ ነው የማየው። ሁለታችንም ካየነው እንግዲያው የእውነት ነው፤ እዚህ ነገር ላይ ሁሉም የራሱን ብቻ ነው የሚያየው።» ሻንጣቸውን አነሡ። «ሁለት ሰዓት ከሩብ ብለሽ ጻፊ። እስክመለስ ሳትሰነዝሪ እንዳትመዘግቢ!»

ቁልቁል ወረዱ። ጉሙ ወገባቸው ደረሰ፣ ከዚያ ትከሻቸው። ከዓይኔ ሊጠፉ ሲሉ፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ፣ ክንዳቸውን ወደፊት፣ ወደ ክቡ ዘርግተው ጣቶቻቸውን ወጠሩ።