የቬንትሌተር ሾፌር

በደርግ ጊዜ መጨረሻ ላይ የካ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። ሾፌር ልበል እንጂ መኪናዋ ሞታብኛለች። እንጦጦን ስትወጣ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘውን ቬንትሌተር የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ተበጠሰና ሞተሯ ተቃጠለ። መኪና የሌለው ሾፌር ምን ይሠራል? ዘበኛው ጎን ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ሥራ አስኪያጁ ይህን በመስኮት አይቶ አስጠራኝ።

«ጓድ፣ አሰብ ቅርንጫፋችን ሾፌር ይፈልጋል። ተዘጋጅ።»

ቤቴ ቀበና ነው፤ ባለቤቴ ሾላ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ስነግራት ወንፊቷን አስቀመጠች።

«አሰብ? እዚያ አየሩ ራሱ ያቃጥላል፤ የኔን በርበሬ ማን ይገዛል?» አለች።

በማግስቱ በኮምፒውተሩ ክፍል በር ሳልፍ መሐንዲሷ ስልክ ይዛ ትጮኻለች። ኮምፒውተር ያኔ ብርቅ ነው፤ የኛው ቁም ሣጥን ያክላል፣ ሲሠራም ዳገት እንደወጣ መኪና ይግላል።

«ፋኑ ተገጥሟል፣ ማይክሮኮንትሮለሩም መጥቷል። የጎደለን ድራይቨር ብቻ ነው! ድራይቨር ከየት ላምጣ?»

ትምህርቴ ብዙም አይደለም፤ ድራይቨር የሚለው ቃል ግን መንጃ ፈቃዴ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ፋን ያው ቬንትሌተር ነው። ኮንትሮለርም አውቶቡስ ላይ ትኬት የሚያየው ነው። ማይክሮ የሚባለው ስሙ ይሆናል፣ የውጭ አገር አማካሪ ነው አልኩ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ሾፌሩ ጠፍቷል ማለት ነው። ኮፍያዬን አስተካክዬ ገባሁና መንጃ ፈቃዴን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩ።

«ምንድን ነው ጋሼ?»

«ድራይቨር። ከባድ ጭነትም ይዣለሁ።»

በሳቅ ወንበሯ ላይ ተጠቀለለች። ቆይታ እንባዋን ጠርጋ አስረዳችኝ። ማይክሮኮንትሮለር ያለችው ለካ ጥፍር የምታክል ጥቁር ነገር ናት። ድራይቨሩ ደግሞ እሷ ውስጥ የሚገባ የትእዛዝ ጽሑፍ ነው፤ «ሲሞቅ ፋኑን አስነሳ፣ ሲቀዘቅዝ አቁም» ይላታል። ጽሑፉን መሐንዲሷ ራሷ ልትጽፈው ነው፤ ግን ጊዜ ይወስዳል።

«እስከዚያ ፋኑን ማን ያስነሳዋል?» አልኳት። «ዝም ብሎ ይዙር እንዳይባል የግቢውን አቧራ ሁሉ ይስባል።»

መንጃ ፈቃዴን አየች፣ እኔን አየች። «ማብሪያ ማጥፊያ ልገጥምልዎት?» አለች።

በዚህ ዓይነት የፋን ሾፌር ሆንኩ፤ ሥራ አስኪያጁም የአሰቡን ነገር ፋኑ በራሱ መነሳት እስኪጀምር አቆየልኝ። ቴርሞሜትሩ ቀይ ምልክቱ ጋ ሲደርስ አበራለሁ፤ ሲወርድ አጠፋለሁ። ነፋሱ ከፊት ለፊቴ ስለሚመጣ ካፖርት ለብሼ ነው የምነዳው። ዘበኛው አንገቱን በበሩ ያስገባል።

«አንተ፣ የት ደረስክ?»

«ቆሜያለሁ፤ ቀዝቅዟል።»

«እስከ ሾላ አታደርሰኝም?»

«ኮንትሮለሩ አይፈቅድም።»

ጽሑፉ ያለቀ ዕለት መሐንዲሷ እጄን ከማብሪያው አስነሳችኝ። ማሽኑ ጋለ፤ ፋኑ ጭጭ። መስኮት ከፍታ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ፋኑ ብድግ ብሎ አበደ!

«ውይ፣ ገልብጬ ጽፌዋለሁ!» አለች ራሷን ይዛ።

«ምንም አይደል፤ እኔም መጀመሪያ ስነዳ ፍሬን ብዬ ነዳጅ ረግጫለሁ።»

ከሰዓት በኋላ አቃናችው። ፋኑ ሲሞቅ በራሱ ተነሳ፣ ሲቀዘቅዝ በራሱ ቆመ። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ አሰብ ትዝ አለችኝና ካፖርቴን አጣጠፍኩ።

ሥራ አስኪያጁ ሊያይ መጣ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ፋኑ ተነሳ፤ ቆመ።

«ግሩም ነው» አለ። «እንግዲህ ሾፌሩን አሰብ እንላከዋ።»

መሐንዲሷ ወደ እኔ አልዞረችም። «ጓድ፣ ድራይቨሩ ከዚህ ከተነሳ ፋኑ ይቆማል፤ ማሽኑም ይቃጠላል።»

«ይቃጠላል?»

«ይቃጠላል።»

«እንዲያማ ከሆነ ንቅንቅ እንዳይል!» አለና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወጣ።

ቃሏ ውስጥ አንድም ሐሰት የለም፤ የትኛው ድራይቨር እንደሆነ ግን አልተጠየቀችም። እኔም ንቅንቅ አላልኩም። ሌላ መኪና እስኪመጣ ካፖርቴን ለብሼ ፋኑ ጎን ዋልኩ፤ ባለቤቴም በርበሬዋን ሾላ ሸጠች። መኪናዋ የመጣች ቀን መጀመሪያ ኮፈኗን ከፈትኩና ቺንጋዋን ነካ ነካ አደረግሁ።

«አንቺስ፣ ድራይቨርሽ ተጽፎልሻል?» አልኳት።

ዘበኛው ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል። ጡረታ እስኪወጣ ይህንን ሲያወራብኝ ኖረ።