የሁዳዴ ጣሳዎች

የአተላ ሽታ እስካሁን መንገድ ላይ ያስቆመኛል። በአዳማ የውስጥ ሰፈሮች ሳልፍ አንዲት ጠላ ጠማቂ ጋኗን ስታጥብ ያ ጎምዘዝ ያለ የብቅልና የጌሾ ሽታ በአጥሩ ሥር ይወጣና፣ ጠላ በከንፈሬ ነክቼ የማላውቀውን ሴት እንደ ጠጪ ያዘገየኛል። ያደግሁት ጠላ በማይገባበት ቤት ነው፤ አተላው ግን በየቀኑ ይገባ ነበር፤ ላማችን ያለ እሱ ወተት አትሰጥም ነበርና።

ከተማዋ ያኔ ናዝሬት ነበር የምትባለው፤ ዘመኑ ደርግ ነው። አባዬ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር፤ እማዬ ደግሞ ከወለንጪቲ ገበያ የመጣችውን ቡሬን እያለበች ለሰፈሩ ወተት ትሸጥ ነበር። ግቢያችን በቅንጭብ የታጠረ ሆኖ፣ በአንዱ ጥግ የቡሬ በረት፣ በሌላው ሁለት ፓፓያና እማዬ ለቤታችን ያህል የተከለችው ሁለት መስመር ጎመን ነበረበት። አተላውን የሚሰጡን ከቅንጭቡ ማዶ የሚኖሩት ጠላ ጠማቂዋ እትዬ በላይነሽ ነበሩ፤ ከመንዝ የመጡ፣ ጾም የማይገድፉ፣ ምላሳቸው የማይቻል ሴት። እኛም በፈንታው ለምድጃቸው ኩበት፣ በፍስክ ቀን ደግሞ ወተት እንልክላቸው ነበር።

ክረምት ሲገባ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን እየቦረቦረ ሲያልፍ፣ እኔ በየአጥሩ ሥር የበቀለውን ሣር አጭጄ፣ በጆንያ ጠቅልዬ፣ ውኃው በጀርባዬ እየተንጠባጠበ ወደ ቤት እመለስ ነበር። በጋ መጥቶ ነፋሱ አቧራውን ማንሳት ሲጀምር ግን ሣር የለምና፣ ከዱቄት ፋብሪካው ፉርሽካ እየተሰለፍን፣ ከወንጂ በኩል ከሚመጡ መኪናዎች የወደቀ የአገዳ ጫፍ እየለቀምን፣ የጎረቤቱን የድንች ልጣጭ እየሰበሰብን እናበላት ነበር። ሰፈራችን ቆሻሻ መጣያ ያስፈለገው ቡሬ ከሞተች በኋላ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ጴንጤዎች ነበርን። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር፤ ከአባዬ ወዳጆች አንዱ ሰው ሰብስቦ ሲጸልይ ተገኝቶ ከታሰረ ወራት አልፈዋል፣ ሚስቱ ስንቅ ማመላለሱን ለምዳው ነበር። አባዬም ቢያዝ የሚጠብቀው ይኸው መሆኑን ቤት ውስጥ ማንም ደፍሮ አይናገረውም እንጂ ሁላችንም እናውቀው ነበር። ስለዚህ ማክሰኞና ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ልክ በወተት ማለቢያው ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዎች የወተት ጣሳቸውን አንጠልጥለው አንድ አንድ እያሉ ይመጡና፣ ከበረቱ ጀርባ ባለችው የጭድ ቤት ተቀምጠው ይጸልያሉ፣ መዝሙሩንም አፋቸውን ዘግተው ያንጎራጉሩታል፣ ሲወጡ ወተታቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ወተት ገዢን ማን ይጠረጥራል?

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ኦርቶዶክስ ደንበኞቻችን እንደየዓመቱ ቀሩ፣ እማዬም የተረፈውን ወተት እየናጠች ለፋሲካ ቅቤ ማጠራቀም ጀመረች። የእኛዎቹ ግን ጣሳቸውን እንዳንጠለጠሉ መምጣታቸውን ቀጠሉ። ጾሙን ስለማንጾም የሚጾመው ሰው ምን እንደሚያይ አላሰብንበትም። ሰፈሩ ሁሉ ሽሮና ጎመን በሚበላበት ወር፣ ልጆች ያደጉላቸው ዘጠኝ ትልልቅ ሰዎች በማታው ፀሐይ የወተት ጣሳ እያብለጨለጩ ይመላለሱ ነበር። ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል።

በአንድ ሐሙስ የቀበሌው ጥበቃ የነበረው ጓድ ደበላ፣ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት የኒም ዛፍ ጥላ ተነስቶ ወደ በራችን መጣ። እኔ በረቱን እየጠረግሁ ነበር፤ እትዬ በላይነሽ አተላውን በባልዲ ይዘው ሊገቡ ሲሉ በር ላይ ተገናኙ።

«አካም ኦልታን፣ እትዬ» ሲል በኦሮምኛ እንዴት ዋሉ አላቸው።

«ነጋ፣ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እኔ እምልዎ፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ? ይሄ ሁሉ ጣሳ የሚገባው ወተቱን ማን ሊጠጣው ነው?»

ከጭድ ቤቱ የሚመጣው እንጉርጉሮ ለእኔ ይሰማኛል። መጥረጊያዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። እትዬ በላይነሽ ባልዲያቸውን መሬት አስቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ወተት ማን አለህ? ጎመን ሊወስዱ ነው እንጂ። በጣሳው የቤታቸውን እጣቢ ያመጡና መደቡን አጠጥተው ጎመናቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ቦኖው እንደምታየው ቀኑን ሙሉ ወረፋ ነው፣ ታዲያ በምን ያጠጡ?»

ደበላ በቅንጭቡ አናት ላይ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። «በሁለት መስመር ጎመን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?»

«ሌላ መደብ ሊያወጡ ነዋ። የዛሬ ሳምንት ና፣ ታያለህ።»

«እመጣለሁ» ብሎ ሄደ።

እትዬ በላይነሽ በረቱ ውስጥ ገብተው አተላውን ለቡሬ ገለበጡ። እማዬ ከጭድ ቤቱ እንደወጣች የሆነውን ነገሯትና፣ «የምትጸልዩትን ከሰማሁ ቆይቻለሁ፤ ቅንጭብ ድምፅ አይከለክልም» አሏት። «ዛሬ በጾሜ ዋሸሁ። እስከ ሐሙስ እውነት አድርጉልኝ።» እማዬ ባልዲያቸውን ተቀብላ አጠበችላቸው።

በማግስቱ አባዬ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰ ኮቱን አውልቆ ዶማ አነሳ። ዘጠኙም ሰዎች የቻሉትን ያህል የጎመን ችግኝ እያመጡ፣ ለወራት የተከመረውን የቡሬን ፍግ ከአፈሩ ጋር እያደባለቁ፣ ግቢውን ከፓፓያዎቹ እስከ በሩ ድረስ መደብ በመደብ አደረጉት። እጣቢው ሳሙና እንዳይነካው ታዘዘ። እትዬ በላይነሽ በቅንጭቡ ማዶ ሆነው፣ ይሄ ተጠጋግቷል፣ ያኛው አልጠለቀም እያሉ አላሠራ ብለውን ነበር።

ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደበላ መጣ። ችግኞቹ ፀሐዩ አዝሏቸው አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሰዎቹ በጣሳቸው ያጠጣሉ፤ አባዬ ዶማውን እንደያዘ ቆሟል። እኔ ያን ጊዜ አባዬን ዳግመኛ የማላየው መስሎኝ እግሬን ከእግሩ አጠገብ አቁሜ ነበር። ደበላ በመደቦቹ መካከል ቀስ ብሎ ሄዶ፣ የአንዷን ሴት ጣሳ ተቀብሎ አሸተተና፣ «ሽሮ ነው» አለ። ከዚያ ወደ እማዬ ዞሮ፣ «እኔስ እጣቢ ባመጣ ይደርሰኛል?» ብሎ ጠየቃት።

«ደንቡ ለሁሉም ነው» አለች እማዬ፣ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የራሱን ጣሳ ይዞ መጣ። እሱ ባለበት ቀን ሰዎቹ እያጠጡ በልባቸው ይጸልዩ ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ያይ እንደሆነ አላውቅም። ምን እንደተረዳ ለማንም ሳይናገር ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረ።

በዚያ ክረምት ጎመኑ ወገቤ ድረስ ደረሰ፣ ሰፈሩም ከእኛ ችግኝ እየወሰደ በየግቢው ተከለ። ዝናቡ እየዘነበ እጣቢ ማምጣት ለምን አስፈለገ ያሉ ነበሩ፤ እትዬ በላይነሽ ግን፣ «ክረምት ነው ብላችሁ ውሸታም እንዳታደርጉኝ» ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ በዝናብ ውስጥ ጃንጥላ ይዘን፣ ውኃ የጠገበውን መደብ እናጠጣ ነበር።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ አዳራሽ ነው፣ በድምፅ ማጉያ ይዘመርበታል፤ የሚከለክለን የለም፣ ስለዚህም አመሰግናለሁ። የድሮው ግቢ ላይ ፎቅ ቆሟል። እኔም የምኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ እጣቢዬ በቧንቧ ወርዶ የት እንደሚደርስ አላውቅም። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን እርጎ በርከት አድርጌ ገዝቼ፣ የተረፈኝን በሳህን አድርጌ ከፊት ለፊቴ ላለችው ጎረቤቴ አንኳኳሁ። ሴትየዋ ሳህኑን አይታ ፈገግ አለችና፣ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁዳዴ እኮ ነው» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ኖረናል።