የባሌስትራ ጎራዴ

ሰው አላምንም። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን በሥራዬ ታሳብባለች፤ መነጽር ሻጭ ስለሆንሁ ቀኑን ሙሉ «ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው?» እያልሁ ስጠይቅ እውላለሁ፣ ማታ ቤት ስገባም አይለቀኝም ትላለች። እኔን ተጠራጣሪ ያደረገኝ ግን አሮጌ ጎራዴ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ጎራዴ፣ ጩቤና ሳንጃ እሰበስባለሁ ብለህ አንዴ ካወራህ፣ ከእንፍራንዝም ከደልጊም በፌስታል የተጠቀለለ ብረት ይዞ የማይመጣብህ ሰው የለም። ሁሉም የአያቱ ነው። ሁሉም ጦር ሜዳ ውሏል።

የጣሊያን ሳንጃ ነው ተብሎ የመጣልኝን ገልበጥ አድርጌ ሳየው ቀለበት የተበየደበት የሥጋ ቢላዋ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ። በሎሚና በጨው አዝገው ሐይቁ ዳር ጭቃ ውስጥ ያከረሙት ጩቤም ገጥሞኛል። ስለዚህ ዝገት አይቼ አላምንም፤ ዝገት ይሠራል። የማየው እጅ የሠራውን ነው። እጀታው አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ለስልሷል ወይ? ብረቱ ወደ ጫፉ እየሳሳ ይሄዳል ወይ? ሌላው ደንቤ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን የወጣ ዕቃ አለመንካት ነው፤ የታቦት ንብረት እጄ ላይ ከሚገኝ እጄ ቢቆረጥ ይሻለኛል።

እናም አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ መነኩሴ በነጠላ የተጠቀለለ ረዥም ነገር አቅፈው ሱቄ ሲገቡ፣ ገና ሳይቀመጡ «አባ፣ አልገዛም» አልኋቸው።

«ማን ልሽጥልህ አለህና?» አሉኝ።

በሐይቁ ዳር ካለ ገዳም በጀልባ ነበር የመጡት። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ናቸው፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ነው። አሁን ስለደከሙ ለአንድ ወጣት መነኩሴ ሊያስረክቡ ነው። ወጣቱ ዕቃውን አንድ በአንድ ሲያይ ይህን ጎራዴ መዝዞ «ይሄ የመኪና ብረት ነው፤ እውነተኛው የት ሄደ?» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እሳቸው ብቅ ሲሉ ወሬው ይቋረጣል። ርክክቡ በመጪው እሑድ ነው፤ በሕዝብ ፊት።

«የምጠይቅህ ከመቼ ጀምሮ እንዲህ እንደሆነ ነው» አሉኝ። «ሌባ ተብዬ መሞት አልፈልግም።»

አላመንኋቸውም። ቁልፉ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው የኖረው፤ ታዲያ ሌላ ማን ሊለውጠው ይችላል? ራሳቸው ሸጠውት አሁን ምስክር ሊሸምቱ የመጡ መሰለኝ። ቢሆንም ጎራዴ ተዘርግቶልኝ አላይም ማለት አይሆንልኝም።

እጀታው እውነተኛ ነው። የአውራሪስ ቀንድ ነው፣ ወደ ብርሃን ሲያዙት ጠርዙ ማር ይመስላል፤ አውራ ጣት የሚያርፍበትም ለስልሷል። ብረቱ ግን ከእጀታው እስከ ጫፉ ውፍረቱ አንድ ነው። እጀታው ሥር ደግሞ በብረት የተደፈነ ግማሽ ክብ ቀዳዳ አየሁ። የጭነት መኪና ባሌስትራ መሀሉ ላይ ብሎን የሚገባበት ቀዳዳ አለው፤ ቀጥቃጩ የቆረጠው እዚያ ላይ ነው።

«ባሌስትራ ነው፣ አባ» አልኋቸው ፊታቸውን እያየሁ። አልደነገጡም። አለመደንገጣቸው ጥርጣሬዬን ጨመረው።

ጎራዴውን ወደ አፎቱ ስመልሰው ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ብረቱ መሀሉ ላይ ትንሽ ጠመም ይላል፤ ቀጥቃጩ ሳያቃናው ቀርቷል። አፎቱም እዚያው ቦታ ላይ፣ በዚያው በኩል ጠመም ይላል። የአፎት ቆዳ እርጥብ እንዳለ በብረቱ ልክ ተሰፍቶ ነው የሚደርቀው፤ ከደረቀ በኋላ ለሌላ ብረት አይታዘዝም። ስፌቱን በማጉያ መነጽር ከላይ እስከ ታች ተከተልሁት። የጅማት ክር ነው፣ ተፈትቶ አያውቅም።

«አፎቱ ተለውጦ ያውቃል?» አልኋቸው።

«አፎቱንማ አገር ያውቀዋል። ስለት ሆኖ ከገባ ጀምሮ በየዓመቱ ንግሥ ከታቦቱ ፊት ይወጣል። ብረቱን ግን ያየው የለም፤ ማን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጎራዴ ይመዛል?»

«እንግዲያው ማንም አልሰረቀውም፣ አባ። የዛሬው ብረት ያን ጊዜም ነበር። ያታለለው የተሳለው ሰው ነው። ማን ነው?»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። «የእናትህ አባት» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ለምን ቀድመው አልነገሩኝም?»

«ብነግርህ ዓይንህ ያደላ ነበራ» አሉ ረጋ ብለው።

እኔ እሳቸውን ስጠረጥር እሳቸው እኔን ሲጠረጥሩ ነበር ማለት ነው፤ ያውም ከእኔ በተሻለ ብልሃት።

ያ ጎራዴ በቤታችን ተራ ነገር አይደለም። እናቴ ልጅ ሳለች ኩፍኝ ገብቶ ወንድሞቿንና እህቶቿን ጠራርጎ ሲወስድ እሷ ብቻ ቀረች፤ እሷም ተኛች። አያቴ «ይቺን ካተረፍህልኝ ከወገቤ የማይለየውን ጎራዴዬን እሰጣለሁ» ብሎ ለታቦቱ ተሳለ። ተረፈች። አሁን ሰማንያን ተሻግራለች፤ ገዳሙ ሴት ከማይገባባቸው ወገን ስላልሆነ በየዓመቱ በጀልባ እየሄደች ጎራዴው ሲያልፍ እልል ትላለች። ጎራዴዬ ነው የምትለው፤ እኔ ግን አብሬያት ሄጄ አይቼው ስለማላውቅ ሱቄ ሲገባ አላወቅሁትም። እንግዲህ እሑድ አፌን ብከፍት የእናቴ ስለት ባዶ ይሆናል፤ ብዘጋው መነኩሴው ሌባ ሆነው ይቀራሉ። ሁለቱንም ጠላሁት።

ለእናቴ ላልነግራት ነበር። ነገር ግን ከገዳሙ መነኩሴ ጎራዴ ይዘው መምጣታቸውን ባለቤቴ ነግራት ኖሮ፣ ገና ከመግባቴ «ጎራዴዬ ምን ሆነ?» አለችኝ። ነገርኋት። መነጽሯን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«መነኩሴው ምን ሊሆኑ ነው?» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። እሑድ ግን ከእኔ ቀድማ ለብሳ አገኘኋት።

ሕዝቡ ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ተቀምጦ ነበር። ተነሥቼ የብሎኑን ቀዳዳ አሳየሁ፣ ብረቱና አፎቱ እኩል መጥመማቸውን አሳየሁ፣ የሰጠው አያቴ መሆኑንም ሳልደብቅ ተናገርሁ። ወጣቱ መነኩሴ በትሕትና ሰምቶኝ ሲያበቃ «ጎራዴው እርስዎ ሱቅ ገብቶ ነበር አይደል?» አለኝ። «ጎራዴ ሰብሳቢ ነዎትም ይባላል።»

ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ዞረ። በእሱ ቦታ ብሆን የምጠይቀው መጀመሪያ ይህንኑ ነበር። አንዱ ከኋላዬ «ተመሳጥረው ይሆናላ» ሲል ሰማሁት። ሽማግሌው መነኩሴ መሬት መሬት ያያሉ።

ያን ጊዜ እናቴ ከዘራዋን ተደግፋ ተነሣች።

«አባቴ የሞተ ጊዜ ለቅሶው ላይ ጎራዴ ወጥቶ ነበር» አለች። በእኛ አገር የሟች መሣሪያ በአደባባይ ወጥቶ ይለቀስበታል። «ለታቦት ሰጥቶት የለም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ ከጎረቤት የተዋስነው ነው አሉኝ። እጀታው የወይራ እንጨት ነበር፣ አዲስ። አባቴ ግን የሰው ጎራዴ ወጥቶ የሚለቀስለት ሰው አልነበረም። ቀንዱን ነቅሎ ለናንተ ሰጥቶ፣ ብረቱን በወይራ ይዞት ኖሯል። ያን ጊዜም ጠርጥሬ ነበር፤ አባቴ ነውና ዝም አልሁ። እኒህ አባት አልሰረቁም። ስለቱ የተሳለው በእኔ ነው፣ ያልተከፈለውም የእኔ ነው። ለመጪው ንግሥ እውነተኛ ጎራዴ አመጣለሁ።»

ወጣቱ መነኩሴ ተነሥቶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ፤ ቁልፉንም ከዚያ በኋላ ነው የተቀበለው። ሕዝቡም የሽማግሌውን መስቀል ሊሳለም ተሰለፈ። ጀልባው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእናቴ ጋር መነጋገር ፈራሁ።

ንግሡ ሲቃረብ «የአባቴ ብረት የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ ካሉህ ሁሉ ዋናውን አምጣልኝ» አለችኝ።

ዋናው የቱ እንደሆነ አላጣሁትም። እንፍራንዝ ካለ ገበሬ ለዓመታት ደጅ ጠንቼ ያገኘሁት ጎራዴ አለኝ፤ ብረቱ ላይ አንበሳ የተቀረጸበት፣ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ፣ ለእንግዳ እንኳ የማላሳየው። ጓዳ ገብቼ አነሣሁት። አንሥቼም ማሰብ ጀመርሁ። የሐይቁ እርጥበት ይበላዋል። ደግሞስ ማን መዝዞ ያየዋል? አጠገቡ ያለውም ቢሆን የቀንድ እጀታ ያለው እውነተኛ የድሮ ጎራዴ ነው፤ ባሌስትራ አይደለም፣ ማንንም አላታልልም። አንበሳውን ቦታው መለስሁና ሁለተኛውን በነጭ ነጠላ ጠቅልዬ አወጣሁላት።

እናቴ ነጠላውን አልገለጠችም። ያየችው እኔን ነው።

«እውነተኛ ነው?»

«እውነተኛ ነው፣ እማዬ። በታቦቱ እምላለሁ።»

«እውነተኛ መሆኑንማ አምንሃለሁ» አለች። «የምትወደው ግን እሱን ነው?»

ዓይኔ ወደ ጓዳው ሄደ።

«ድኜ ስለቱ የገባ ቀን አባቴም ከጓዳ ይዞት ሲወጣ እንዲህ በነጭ ነጠላ ጠቅልሎት ነበር» አለች። «ሂድና ሌላውን አምጣ። ሳትጠቀልለው።»